ወፍጮው ዝም ሲል

ጋሽ ደርበው መሞታቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሞላ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ «ሰውዬሽ ሞቱልሽ» አለኝ። የት እንደሞቱ ስጠይቀው «ቁሐር ሚካኤል፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ወድቀው ተገኙ» አለና «እዚያ ምን ሊሠሩ ገቡ ግን?» ብሎ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ኅዳር በገባ ቁጥር ለጉልበታቸው ሕመም ወንዛዬ ፍል ውሃ እንደሚሄዱ ነበር የምናውቀው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድም ዓመት አጓድለው አያውቁም።

ከጣቢያው ሠራተኛ ያለቀሰ አልነበረም። ንብረት ክፍል ያለው ሰውዬ «ነፍስ ይማር» አለና ትንሽ ቆይቶ «እዚያም ቤት ሰው ሳይሰድቡ አይውሉም» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሲሞት ባንድ ጊዜ ደግ ይሆናል፤ እኔ ግን ጋሽ ደርበው ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ክፉ አፍ ነበራቸው። በሕይወቴ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የማልረሳቸው ግን እሳቸውን ነው፤ ልረሳቸው ብዬም ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወረታ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያችን የመስመር ጥበቃ ኃላፊ ነበሩ። ጥበቃ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። የፎገራን ሜዳ በብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ የሚያቋርጠው ከፍተኛ መስመር ሲበጠስ ወይም መሬት ሲነካ፣ ሪሌይ የምትባል ሳጥን ያንን አይታ ብሬከሩን ታዘዋለች፤ ብሬከሩም ዓይን ሳይጨፈን ኃይሉን ይቆርጣል። ሪሌይዋ ካላየች የወደቀው ሽቦ ነፍስ እንዳለው ሣር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ጋሽ ደርበው «ዘበኛዋ» ይሏት ነበር። ጠዋት ሲገቡ ሰላም የሚሉት እሷን ነው። መስታወቷን በጥፍራቸው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥሮቿን አንድ በአንድ ያነባሉ። ለእኛ የሚሆን ሰላምታ አልነበራቸውም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ ካለው ዕቃ መሀል አንድ አሮጌ ካፓሲተር፣ ኃይል አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ፣ በአገጫቸው አሳዩኝና «አንቺ ዲግሪ፣ ያንን አቀብይኝ። አይዞሽ፣ ሞቷል» አሉኝ። አነሳሁት። እስከ ትከሻዬ ድረስ መትቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠኝ። ሆን ብለው ሞልተውት ነበር። ከወንበራቸው ሳይነሱ ቁልቁል አዩኝ።

«ሞቷል ብሎ ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ!»

«እኔ ማነኝ? ፈትሸሻል?»

አልፈተሽኩም ነበር። ማልቀስ ስጀምር «እዚያ ማዶ ሄደሽ አልቅሺ፣ ወረቀቱን ታረጥቢብኛለሽ» አሉኝ። ክንዴ ሳምንት ሙሉ ደንዝዞ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት «ፈትሸሻል?» የምትለዋን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። መስመር ተቋረጠ ስል «ፈትሸሻል?»፣ ሻይ ቀዝቅዟል ስል «ፈትሸሻል?»። በጣም እጠላቸው ነበር። ቢሆንም ካስተማሩኝ ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ቀን ጠብቄ የረሳሁትም ይህንኑ ነው።

ለገበሬው እንኳ ሌላ ሰው ነበሩ ብል ደስ ባለኝ። ገበሬውንም ይሰድቡት ነበር። ግን ይሄዱለት ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት እሑድ እሑድ በየአጥቢያው ይዞሩና፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ካህናቱን አስፈቅደው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሕዝቡን ሰብስበው ስለ መስመሩ ያስተምራሉ። ሽቦ ሲወድቅ አትቅረቡ ማለት ቀላል ነው። ፎገራ ላይ ግን ክረምት ውሃው ሜዳውን ይሸፍነዋል፣ ከብት ረግረግ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ከብቱ ከሽቦው ማዶ ከሆነ ባለቤቱ ቢከለከልም ይገባል። ማንም ሳይጠይቅ ገብተው የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ምልክት ሰጧቸው። በመንገዱ ዳር ያለው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ድምፁ ሜዳውን ሙሉ ይሰማል። በዚያን ጊዜ ኃይል የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከሩቁ የውሃ ግድብ ነበር፤ ያንን ኃይል የሚልክልን ዋናው ጣቢያ ከቆረጠው ወረታም ወፍጮውም አብረው ይጠፋሉ።

«ወፍጮው እየጮኸ ሽቦ ከወደቀ ወደ ኋላችሁ ሩጡ» ይሏቸው ነበር። «ወፍጮው ዝም ካለ ሽቦው ሞቷል። ያኔም ቢሆን ደውሉልኝ፣ ደንቆሮ ሁላ!»

የክፍላችንን ስልክ ቁጥር በወፍጮ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም ራሳቸው ጻፉት። ምልክቱ እውነት ነበር። ስንት ሰውና ስንት ከብት እንዳተረፈ የቁሐር ሚካኤል ሰው ያውቃል።

ትምህርቱ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ፈንታሁን ለሚባል ገበሬ ነበር። አንደኛው የብረት ምሰሶ ማሳው ጥግ ላይ ነው የቆመው። «እንግዳዬ ነው፤ ምሳ አይጠይቀኝ፣ ይሄው ዓመት ሙሉ ቆሞ ከብቴን ያያል» እያለ ይቀልድ ነበር። ምሰሶው ላይ ትልቅ ወፍ ጎጆ ከሠራ ይደውላል፤ ጎርፍ እግሩን ከሸረሸረው ይደውላል። ጋሽ ደርበው ስልኩን አንስተው «ደግሞ ምን አየህ፣ አንተ እንቅልፍ የሌለህ ሰውዬ?» ሲሉት ከወዲያ ሲስቅ ይሰማኛል። ሰው መውደዳቸው የሚታወቀው ስድባቸው ሲረዝም ነው፤ ለፈንታሁን የሚረዝመውን ያህል ለማንም አይረዝምም ነበር።

ኋላ የፀሐይ ኃይል ማመንጫው መጣ። ከወረታ ወጣ ብሎ ውሃ የማይተኛበት ደረቅ መሬት ላይ ጥቁር ሰሌዳዎች ተደረደሩና ከእኛ ጣቢያ ጋር ተገናኙ። ከተማው ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ። ጋሽ ደርበው ግን የአዲሱን መስመር ሥዕል ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ሦስት ቀን ምሳ ሳይበሉ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«የግድቡ ማሽን ሽቦው መሬት ሲነካ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ብዙ ኃይል ይለቅበታል።»

«እህ። ዘበኛዋም ያንን አይታ ትጮኻለች። የፀሐዩስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ተምሬዋለሁ። የፀሐይ ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ አድርጎ በሚቀይረው ኢንቨርተር በኩል ነው የሚመጣው፤ ኢንቨርተር ደግሞ ለራሱ ስለሚሰስት መስመሩ ሲበላሽ ከወትሮው እምብዛም የማይበልጥ ኃይል ነው የሚሰጠው። ለሪሌይዋ ያ ተራ የሥራ ቀን ይመስላታል።

«ስለዚህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዋናው ጣቢያ ከወዲያ ይቆርጣል፤ ከወዲህ የኛዋ ዘበኛ ቆማ ታያለች፤ ፀሐዩ የወደቀውን ሽቦ በትንሽ በትንሹ ይመግበዋል። ኃይሉ ስለሚደክም የወፍጮው ሞተር ይቆማል። ወፍጮው ዝም ይላል።» እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። «ወፍጮው ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን አልሞተም።»

ሁለት ነገር አደረጉ። ሪሌይዋ ላይ ትንሿን ኃይል እንኳ የምታይበት ረቂቅ ጥበቃ አበሩ፤ ሁለቱ ጫፎች ባንድ ጊዜ የሚቆርጡበት የመልእክት መስመር እንዲዘረጋም ለበላይ ጻፉ። መልሱ «ይታሰብበታል» ነበር። ቀጥሎ ባለው እሑድ ቁሐር ሚካኤል ሄዱ፤ አብሬያቸው ነበርኩ። ሕዝቡ ፊት ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ ወፍጮውን አትስሙ። ወፍጮው ዝም ቢልም ሽቦው ሕያው ሊሆን ይችላል» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ፈንታሁን ከመሀል ተነሳና ጋቢውን አስተካከለ።

«አይ ጋሼ! ዕድሜ ልክዎን ሞቷል ሲሉን ኖረው ዛሬ ተነሳ ይሉናል እንዴ? ደግሞስ ከፀሐይ የመጣ ነገር ሰው ይገድላል? ይሄው ተወልደን እስክናረጅ ስትሞቀን ኖረች እኮ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የፈንታሁን ሚስት ጥሩነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። በሳቅ መሀል የተጠየቀች ትክክለኛ ጥያቄ ነበረች። አሥር ደቂቃ ታግሠው ቢያስረዱት ያ ሰው ይገባው ነበር፤ ሁሉ ነገር ይገባው ነበር። ጋሽ ደርበው ግን ሲሳቅባቸው አይችሉም። «ከብቶች!» አሉ። «ከብት ናችሁ፤ ለከብትም ስትሉ ትሞታላችሁ!» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። ለማስተማር ሁለተኛ አልተመለሱም። ለክፋታቸው አንድ ምሳሌ አምጪ ብባል ካፓሲተሩን አይደለም የማነሳው፤ ይህቺን እሑድ ነው።

ረቂቁ ጥበቃ ደግሞ በክረምቱ አስቸገረ። ሽቦውን ከምሰሶው ጋር የሚይዙት ሲኒዎች ላይ ጉም ሲተኛ ይቆርጣል፤ ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ ይቆርጣል። በቆረጠ ቁጥር የፀሐይ ጣቢያው ይጠፋል፤ የበላዮች ይደውላሉ። ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ደርበውን ሁለቴ ለመናቸው። «ሰው ከሚሞት መብራት ይጥፋ» ነበር መልሳቸው። በመስከረም የፀሐይ ጣቢያውን የሚጎበኙ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ደርበው እንደ ልማዳቸው ለሁለት ቀን ጣራ ገዳም ሊሳለሙ ሄዱ፤ እዚያ ሲሄዱ ስልክ አይዙም። ሥራ አስኪያጁ እኔ ጋ መጣ።

«ለሁለት ቀን ብቻ» አለኝ። «እንግዶቹ ፊት ቆርጦ እንዳያዋርደን። ሲመለሱ ታበሪዋለሽ።»

አጠፋሁት። አላስገደደኝም፤ አላስፈራራኝም። እንደ ትልቅ ሰው አማክሮ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ስለነበር ደስ ብሎኝ ነው ያጠፋሁት።

በማግሥቱ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ መቆጣጠሪያው ላይ የዋናው ጣቢያ ምልክት በራ፤ ከወዲያ ተቆርጧል ማለት ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፈንታሁን ነበር፤ ይጮኻል።

«ጋሼ አሉ?»

«የሉም። እኔ ነኝ፣ አያ ፈንታሁን።»

«እታለም፣ ሲኒው ተሰብሮ ሽቦው ወደቀ! ማሳዬ ላይ ነው። በሬዬ ከማዶው ረግረግ ገብቶ እየሰመጠ ነው። ወፍጮው ዝም ብሏል፤ ልግባ?»

የፀሐይ ጣቢያው ኃይል መለኪያ ከኋላዬ ነበር፤ ሦስት እርምጃ። አንገቴን ማዞር ይበቃ ነበር። ፊቴ ላይ የዋናው ጣቢያ ምልክት በርቷል፤ ወፍጮው ዝም ብሏል፤ በስልኩ ውስጥ በሬው ሲያጓራ ይሰማኛል፤ ሰውዬው ይለምነኛል።

«ሞቷል» አልኩት። «ግባ።»

«ተባረኪ!» አለ። ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ዞርኩ። የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ አልነበረችም፤ ፀሐዩ ሽቦውን እየመገበው ነበር። ብሬከሩን በእጄ ቆረጥኩና መልሼ ደወልኩ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ማንም አላነሳውም። እየደጋገምኩ ደወልኩ። ወፍጮ ቤቱ ስደውል ሰው አነሳው፤ ከኋላው የሴቶች ጩኸት ይሰማ ነበር። በሬው ተረፈ። ያኑ ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎረቤቶች በገመድ ጎትተው አወጡት።

ጋሽ ደርበው በቀብሩ ቀን ከጣራ ገዳም ደረሱ። መጀመሪያ የመጡት ጣቢያው ነው። መስታወቷን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ፤ አነበቡ።

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«ስልኩን ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ፈትሸሽ ነበር?»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲጮኹብኝም ፈልጌ ነበር። አልጮኹም። ጥበቃውን መልሰው አበሩና ወደ ቀብሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ቁሐር ሚካኤል ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ አስከሬኑ ከመግባቱ በፊት፣ ሰውን እየገፉ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄዱ።

«ወፍጮው ዝም ሲል ግባ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አትግባ ማለትም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሰድቤው ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።»

ጥሩነሽ ሁለት እፍኝ አፈር ዘግና ፊታቸው ላይ በተነችባቸው። አልጠረጉትም። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ቆሜ ነበር።

ለአጣሪዎቹም ይህንኑ ደገሙት። ጥበቃው የእሳቸው ኃላፊነት ነው፤ ትምህርቱ የእሳቸው ነው፤ ሌላ የሚጠየቅ የለም። ሥራ አስኪያጁ አቀርቅሮ ፈረመ። ጋሽ ደርበውን ሽኝት እንኳ ሳያደርጉላቸው በጡረታ አሰናበቷቸው። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ገባሁና እግራቸው ሥር ልወድቅ አልኩ። በከዘራቸው ከለከሉኝ።

«ያዘንኩልሽ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «የመልእክት መስመሩ እስኪዘረጋ ይህቺን ዘበኛ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የኔ ዓይን ደክሟል፤ ሞላ ሰነፍ ነው። አንቺ ከእንግዲህ ሳትፈትሺ አትናገሪም። ለዚያ ነው የተውኩሽ።» በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ስልኩ በጮኸ ቁጥር የምታነሺውም አንቺ ነሽ። ለማንም እንዳትሰጪ።»

አራት ዓመት አነሳሁት። ስልኩ ሲጮኽ ልቤ መጀመሪያ በሬው ሲያጓራ ይሰማዋል፤ ከዚያ እዞራለሁ፣ መርፌዋን አያለሁ፣ ከዚያ ነው «አቤት» የምለው። በየአጥቢያውም እሑድ እሑድ እኔ ዞርኩ፤ የወፍጮውን ምልክት ከሰው ጭንቅላት ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሰው ሲስቅብኝ እታገሣለሁ። ሁሉም አጥቢያ ሄጃለሁ፤ ቁሐር ሚካኤልን ብቻ ለሞላ ሰጠሁት። ከጥሩነሽ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም።

ባለፈው ዓመት የመልእክት መስመሩ ተዘረጋ። አሁን ዋናው ጣቢያ ሲቆርጥ የኛም የፀሐይ ጣቢያውም ብሬከር በዚያችው ቅጽበት ይቆርጣል፤ ሰው አይጠየቅም፤ ስልክ አይደወልም። ጋሽ ደርበውን ጠራኋቸው። መጡ፤ አንክሰው ነበር፤ እጃቸው ተሰነጣጥቆ የገበሬ እጅ መስሏል። ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። መስመሩን ፊታቸው ሞከርኩት፤ ሠራ። መስታወቷን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ።

«ዘገየ» አሉ። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

የተቀበሩት ወረታ ነው፤ ሰው ጥቂት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስፈቅጄ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ። ለምን እዚያ እንደሞቱ ማወቅ ፈለግሁ፤ ከዚያ የባሰ ደግሞ አራት ዓመት የዋጥኩት ነገር ከእሳቸው ጋር ተቀብሮ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ኅዳር ነውና ሩዙ ወርቅ መስሏል፤ ሜዳው በሙሉ ይታጨዳል። የፈንታሁን ማሳ ከምሰሶው ሥር ካለችው ቁራጭ በቀር ታጭዶ አልቋል። ያቺ ቁራጭ እኩሌታዋ ታጭዶ እኩሌታዋ ቆማለች። ጥሩነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነዶ ታስራለች። ያ በሬ ገለባ ያመነዥካል።

«ደህና ዋልሽ፣ እትዬ ጥሩነሽ። ከጣቢያው ነኝ» አልኳት።

ቀና አላለችም። «ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለች።

ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ፈንታሁን ሲደውል ጎኑ ነበርኩ። ስልኩ ጯሂ ነው። 'ሞቷል፣ ግባ' አልሽው። ሴት ናት ያለችው፤ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጋሽ ደርበውን...»

«እሱ የኔ ጥፋት ነው ብሎ መጣ። አንቺ አልመጣሽም። እኔ የመጣውን ያዝኩ።» የነዶውን ማሰሪያ በጉልበቷ አጠበቀችው። «በሠልስቱ ተመልሶ መጥቶ ምን ላድርግልሽ አለኝ። ሰው ደቦ ሊወጣልኝ ነበር፤ ይህቺን ቁራጭ ግን ማንም እንዳይነካት አልኩ። ባሌ የወደቀባትን አንተ ታጭዳታለህ፣ በየዓመቱ፣ እስክትሞት አልኩት። እሺ አለ። ማጭድ አያያዝ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን እጁን ቆረጠ። ውሃ ለመነኝ፤ አልሰጠሁትም።»

ወንዛዬ፣ ፍል ውሃ፣ የጉልበት ሕመም። አራት ኅዳር።

«የሴት ድምፅ ነበር ብዬ ነግሬዋለሁ» አለች። «ለምን እሷ አትመጣም አልኩት። 'እሷ የምትጠብቀው ነገር አላት' አለኝ። አሁንም ትጠብቂያለሽ?»

«አሁን መስመሩ በራሱ ይቆርጣል» አልኳት። «ሰው አያስፈልገውም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የተለሳለሰ ነገር አልነበረም።

«እንግዲያው ሥራ ፈትተሻል» አለች፤ ከጎኗ ያለውን ማጭድ አንስታ እግሬ ሥር ጣለችልኝ። እጀታው በእኛ ክፍል ጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል፤ አጠቃለሉ የእሳቸው ነው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ አይረሱም ነበር። «እኩሌታው ቀርቷል። አጭደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እሱም አያውቅም ነበር።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ማጭዱን አነሳሁ። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው ይጮኻል። ከምሰሶው ሥር፣ እሳቸው ካቆሙበት ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ፤ በመጀመሪያው ጭብጥ ጣቴን ቆረጥኩት። ጥሩነሽ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ነዶዋ ተመለሰች።